ትራንስጀንደር ልዑክ ሆኖ ወደ ዴሞክራቶች ብሔራዊ ጉባኤ መሄድ፦ ከመጀመሪያው ፎርም እስከ አዳራሹ

የአሜሪካ ዴሞክራቲክ ፓርቲ የፕሬዚዳንት እጩውን የሚሰይምበት ብሔራዊ ጉባኤ በየአራት ዓመቱ ይካሄዳል። በቴሌቪዥን የምናየው ንግግሩን፣ ፊኛውንና ጭብጨባውን ነው። የስቴታቸው ስም በተጻፈበት ምልክት ሥር የተቀመጡት ልዑካን ግን እዚያ የደረሱት ከወራት በፊት ፎርም ሞልተው፣ በሰፈር ስብሰባ ድምፅ ለምነው ነው። ትራንስጀንደር ለሆነ፣ ማለትም የጾታ ማንነቱ ሲወለድ ከተሰጠው ጾታ ለሚለይ ሰውም መንገዱ ይኸው ነው፤ ሌላ በር የለም። የሚለየው ቀድመው መወሰን ያለባቸው ጥቂት ጉዳዮች መኖራቸው ነው። በየትኛው ስም ትጠራላችሁ? ማን ያያችኋል? ስለ ራሳችሁ ምን ያህል ትናገራላችሁ? እነዚህን ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ወስኑ። ካልወሰናችሁ የአዳራሹ ግርግርና የጋዜጠኛ ማይክሮፎን ይወስኑላችኋል።

ቀድመው የሄዱ አሉ። ጄን ፊ በ2000 ከሚኒሶታ በልዑክነት ሄዳለች። ማሪሳ ሪችመንድ በ2008 ቴነሲን ወክላ ዴንቨር ስትገባ የመጀመሪያዋ ጥቁር ትራንስጀንደር ልዑክ ሆነች። የኒው ጀርሲዋ ባብስ ሲፐርስታይን በፓርቲው ብሔራዊ ኮሚቴ ውስጥ በአባልነት ተቀምጣለች። በ2016 ፊላደልፊያ ላይ 28 ትራንስጀንደር ልዑካን ነበሩ። በዚያው ጉባኤ ሳራ ማክብራይድ መድረክ ላይ ወጥታ ተናገረች። ከስምንት ዓመት በኋላ ደላዌር ወደ አሜሪካ ምክር ቤት ላከቻት። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በዳላስ፣ በሎስ አንጀለስና በሌሎችም ከተሞች ለምትኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ነው። ራሳችሁ ትራንስጀንደር ብትሆኑም፣ እህታችሁን ወይም ወንድማችሁን ልታግዙ ብታስቡም ይጠቅማችኋል።

ዜግነትና የመራጭ ምዝገባ

ልዑክ የሚሆነው በስቴቱ ለመምረጥ መብት ያለው ዴሞክራት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የመራጭ ምዝገባችሁን ተመልከቱ። ስማችሁን በፍርድ ቤት ቀይራችሁ ከሆነ ምዝገባው፣ መንጃ ፈቃዱና የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገቡ አንድ ዓይነት ስም መያዛቸውን አረጋግጡ። ቤት ከቀየራችሁ አድራሻውንም አስተካክሉ። በየትኛው የምርጫ ወረዳ እንደምትወዳደሩ የሚወስነው አድራሻው ነው።

ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ ወይም ጥገኝነት ጠይቃችሁ መልስ የምትጠብቁ፣ እባካችሁ የመራጭ ፎርም እንዳትፈርሙ። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ሠራተኛው "ትመዘገባላችሁ?" ቢላችሁ እንኳ መልሱ "አይ" ነው። ዜጋ ሳይሆኑ መመዝገብ ኋላ ዜግነት ሊያስከለክል፣ ከአገርም ሊያስወጣ ይችላል። ያለ ክፍያ በበጎ ፈቃድ ማገዝ ግን ይፈቀድላችኋል። ስልክ መደወልም፣ በር ማንኳኳትም ሥራ ነው። ዜግነቱ ሲመጣ ፓርቲው ውስጥ የሚያውቃችሁ ሰው ይኖራል።

የስቴታችሁን ዕቅድ ፈልጋችሁ አንብቡ

እያንዳንዱ ስቴት የልዑካን አመራረጥ ዕቅድ የሚባል ሰነድ ያወጣል። በስቴቱ ፓርቲ ድረ ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ። ረጅምና አሰልቺ ነው፤ ቢሆንም አንብቡት። ብዙ ጥሩ ሰው ወንበሩን የሚያጣው በተቃዋሚ ተሸንፎ ሳይሆን የፎርሙ ቀን አልፎበት ነው።

አመራረጡ ከስቴት ስቴት ይለያያል። በሜሪላንድና በኢሊኖይ የወረዳ ልዑካን ስም በፕራይመሪው (ፓርቲው እጩውን በሚመርጥበት የቅድሚያ ምርጫ) የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ይወጣል። በሚኒሶታ ከሰፈር ኮከስ (የፓርቲው ደጋፊዎች ስብሰባ) ተነስታችሁ ደረጃ በደረጃ እስከ ስቴቱ ጉባኤ ትወጣላችሁ። በቨርጂኒያ የወረዳና የስቴት ጉባኤዎች አሉ። ከሦስቱ የትኛው እንደሚመለከታችሁ ካላወቃችሁ የካውንቲያችሁን የዴሞክራቶች ኮሚቴ ስብሰባ ሂዱና ጠይቁ። ስብሰባው ክፍት ነው።

የልዑክ ዓይነትም አንድ አይደለም። በወረዳ የሚመረጡ አሉ። በመላው ስቴት ስም የሚመረጡ አሉ። ተጠባባቂዎችም አሉ። በመላው ስቴት ስም የሚመረጡት መጨረሻ ላይ ነው የሚሞሉት። ፓርቲው በወረዳ ምርጫ ያልተወከሉ ወገኖችን የሚያካትተው በዚህ ዙር ነው። ስለዚህ በወረዳ ብትሸነፉ ወደ ቤት አትግቡ፤ ለሁለተኛው ዙር ፎርም ሙሉ። ይህን ሁለተኛ ዕድል የማያውቅ ተወዳዳሪ ብዙ ነው።

ስትመዘገቡ የምትደግፉትን የፕሬዚዳንት እጩ ትገልጻላችሁ። እጩው በወረዳው ወይም በስቴቱ ቢያንስ 15 በመቶ ድምፅ ካላገኘ ልዑክ አይደርሰውም። የእጩው ዘመቻ ደግሞ የተወዳዳሪዎቹን ዝርዝር አይቶ ስም የመሰረዝ መብት አለው። ፎርም ሞልቶ ዝም ማለት አያዋጣም። የዘመቻው ሠራተኞች ፊታችሁን ማወቅ አለባቸው።

ጾታና ስም ፎርሙ ላይ

የፓርቲው ሕግ የአንድ ስቴት ልዑካን እኩል ወንድና እኩል ሴት እንዲሆኑ ያዛል። ትራንስጀንደር ሴት ከሆናችሁ የምትቆጠሩት ከሴቶቹ ጋር ነው፤ ትራንስጀንደር ወንድ ከሆናችሁ ከወንዶቹ ጋር። ከ2020 ጉባኤ ጀምሮ ደግሞ ራሳቸውን ወንድም ሴትም ብለው የማይመድቡ ልዑካን ከሁለቱም ወገን ሳይቆጠሩ የቀረው ቁጥር እኩል ይከፈላል። "የሴት ቦታ ወሰድሽ" ወይም "ቆጠራውን አበላሸህ" የሚል ሰው ከመጣ ሕጉን አሳዩት። ክርክር ውስጥ መግባት አያስፈልግም።

ፎርሙ ላይ የኤልጂቢቲኪው (ሌዝቢያን፣ ጌይ፣ ባይሴክሹዋል፣ ትራንስጀንደርና ኩዊር) ወገን አባል መሆናችሁን የምትገልጹበት ቦታ ታገኙ ይሆናል። ስቴቶች ለዚህ ወገን፣ ለወጣቶችና ለአካል ጉዳተኞች የውክልና ግብ ያስቀምጣሉ። ግብ ነው እንጂ ኮታ አይደለም። ምልክት ማድረግ ይረዳችኋል፤ ግን ከማድረጋችሁ በፊት መረጃውን ማን እንደሚያየውና በይፋ ይወጣ እንደሆነ ለፓርቲው ቢሮ ጽፋችሁ ጠይቁ። መልሱንም በጽሑፍ አስቀሩ።

የስም ጉዳይ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስማችሁ በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ የሚወጣ ከሆነ ጉዳዩ ከፓርቲው ሕግ አልፎ የስቴቱ ሕግ ይሆናል። በ2024 ኦሃዮ ውስጥ ለስቴቱ ምክር ቤት የተወዳደረች ትራንስጀንደር ሴት በአምስት ዓመት ውስጥ የለወጠችውን የቀድሞ ስሟን ፎርሙ ላይ ስላልጻፈች ከውድድር ወጥታለች። ድንጋጌው የቆየ ነበር፤ የሚያስታውሰው ሰው ግን ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ ነገር በእናንተ ስቴት መኖር አለመኖሩን የምርጫ ቦርዱን ጠይቁ። ስማችሁን ገና በሕግ ካልለወጣችሁ ደግሞ ለፓርቲው ሁለት ጥያቄ አቅርቡ፦ ባጁ ላይ የምጠራበትን ስም ታደርጋላችሁ ወይ? በይፋ በሚወጣው ዝርዝርስ?

ድምፅ መሰብሰብ

አጭር ንግግር ማድረግ ይኖርባችኋል። የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ለሰፈራችሁ ከሠራችሁት ጀምሩ። የቤት ኪራይ ላይ፣ የትምህርት ቤት ቦርድ ላይ፣ የታክሲ ሾፌሮች ጉዳይ ላይ የሠራችሁትን ተናገሩ። ትራንስጀንደር መሆናችሁን መናገር ከፈለጋችሁ ከዚያ ቀጥሎ ያምራል። አድማጩ ሥራችሁን ሰምቶ ሲያበቃ ነው ማንነታችሁን በክብር የሚቀበለው።

ከዚያ ሰው ይዛችሁ ኑ። በእነዚህ ስብሰባዎች ጥቂት ድምፅ ውጤት ይቀይራል። የሥራ ባልደረባ፣ ጎረቤት፣ የሠራተኛ ማኅበር ጓደኛ ይምጣ። ከሐበሻው ማኅበረሰብ የሚመጣ ከሆነ ደስ ይላል። ካልመጣ ግን በዚያ ምክንያት አትቅሩ።

ማን እንደሚያያችሁ ወስኑ

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ለሌላው ልዑክ ፎቶ መነሳት ደስታ ብቻ ነው። ለእኛ ወገን ግን ፎቶው በአንድ ሌሊት አዲስ አበባ ይደርሳል። የልዑካን ስም ይፋ ነው። አዳራሹ በካሜራ የተሞላ ነው። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በእስራት ይቀጣል። ሕዝቡም ትራንስጀንደርነትን ከዚያ ለይቶ አያይም። የሰው ፎቶ በቲክቶክ ለጥፎ ማጋለጥና ማስፈራራትም የተለመደ ሆኗል። እናንተ እዚህ ሆናችሁ ሕግ ይጠብቃችሁ ይሆናል። እዚያ ያለው ቤተሰባችሁ ግን ወሬውን ብቻውን ነው የሚሸከመው።

ይህን የምለው እንድትደበቁ አይደለም። ምርጫው የእናንተ እንዲሆን ነው። ስለ ማንነታችሁ ሳትናገሩ ልዑክ መሆን ትችላላችሁ፤ ድምፃችሁ በዚህ አይቀንስም። በአዳራሹ ውስጥ ግልጽ ሆናችሁ ለአማርኛ ሚዲያ ግን ቃለ መጠይቅ አለመስጠትም ይቻላል። ሙሉ በሙሉ በግልጽ መቆምም ይቻላል፤ ያን የሚመርጡትን በጣም አከብራለሁ።

ምንም ብትመርጡ እነዚህን ቀድማችሁ ጨርሱ። ማወቅ ያለባቸው ዘመዶች ከእናንተ አፍ ይስሙ። እማማ ከጎረቤት ስልክ ከምትሰማው እናንተው ብትነግሯት ይሻላል። ፌስቡክ ላይ የጓደኞቻችሁን ዝርዝር ዝጉ፤ ሌላ ሰው ያለ ፈቃዳችሁ ስማችሁን ፎቶ ላይ እንዳያያይዝ አድርጉ። የድሮ ፎቶዎችን አንሱ። አገር ቤት ለመሄድ ካሰባችሁ ከጉባኤው በፊት ደጋግማችሁ አስቡበት። የስቴታችሁን ልዑካን ቡድን ኃላፊም በፓርቲው ገጽ ላይ ስለ እናንተ ምን እንዲጻፍ እንደምትፈልጉ ንገሩት።

ገንዘብ

ፓርቲው የልዑካንን ወጪ አይከፍልም። አውሮፕላኑ፣ የሆቴሉ አዳር፣ ምግቡ ከኪስ ነው። ሆቴሉን የሚመድበው የስቴቱ ፓርቲ ስለሆነ ርካሽ ቦታ ልፈልግ ብትሉም አይመችም። በጉባኤ ሳምንት የሆቴል ዋጋ ይሰቀላል። ሺዎች ዶላር እንደሚጠይቅ አስባችሁ ተነሱ።

ዕቁብ የምትጥሉ ከሆነ ዕጣችሁን ወደ ጉባኤው ወር ብታስጠጉት መልካም ነው። ከወዳጅ መሰብሰብም ይቻላል፤ ግን የፌዴራል ምርጫ ሕግ ገደብ አለው። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ከሌለው ሰው፣ ከኩባንያ፣ ከፌዴራል መንግሥት ኮንትራክተርም አትቀበሉ። ዱባይ ወይም አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በፍቅር የሚልከው ገንዘብ ችግር ሊያመጣባችሁ ይችላል። የሰጣችሁን ሰው ስምና መጠኑን መዝግቡ። አንዳንድ ስቴቶች አቅም ለሌላቸው ልዑካን ድጋፍ ያሰባስባሉ፤ ሳታፍሩ ጠይቁ።

ክፍል ከሌላ ልዑክ ጋር ተጋርታችሁ ወጪ መቀነስ ትችላላችሁ። አብሮ አዳሪያችሁን ራሳችሁ ምረጡ እንጂ ለዕጣ አትተዉት።

ጉዞው

የአውሮፕላን ቲኬቱ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያችሁ ጋር አንድ መሆን አለበት። ከሜይ 2025 ወዲህ ለአገር ውስጥ በረራ ሪል አይዲ (የፌዴራሉን መስፈርት የሚያሟላ የስቴት መታወቂያ) ወይም ፓስፖርት ያስፈልጋል። ከጃንዋሪ 2025 በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት በፓስፖርት ላይ ከልደት ጾታ ሌላ እንዳይጻፍ አድርጓል። ስለዚህ ለዚህ ጉዞ የስቴት መንጃ ፈቃዳችሁ ሪል አይዲ ከሆነና የሚመቻችሁ ከሆነ እሱን ያዙ።

የአየር ማረፊያው የፍተሻ ማሽን ባይንደር የሚባለውን ደረት አጥባቂ ልብስ ወይም ሌላ ሰው ሠራሽ አካል ካየ ሊጮህ ይችላል። በእጅ መፈተሽ ካስፈለገ በግል ክፍል እንዲሆንና የምታምኑት ሰው አብሯችሁ እንዲገባ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ድምፅ ሳታሰሙ፣ ቀስ ብላችሁ ጠይቁ። ጊዜ ስለሚወስድ ቀድማችሁ ድረሱ።

የሆርሞን መድኃኒታችሁን በእጅ ቦርሳ ያዙ። በመጀመሪያው እሽጉ፣ ስማችሁ ከተጻፈበት የፋርማሲ ወረቀት ጋር ይሁን። ቴስቶስቴሮን በአሜሪካ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ስለሆነ ያለ ወረቀት መያዝ ጣጣ አለው። መርፌ ከያዛችሁ ለፈታሹ አስቀድማችሁ ንገሩ። መርፌ የምትወስዱበት ቀን ከጉባኤው ሳምንት ጋር ከገጠመ ሆቴል ውስጥ ውሰዱ፤ ወደ አዳራሹ ይዛችሁ አትሂዱ።

ስለ መጸዳጃ ቤትም አስቀድሞ ማጥናት ያስፈልጋል። የስቴቶች ሕግ በጣም ይለያያል። የ2024ቱ ጉባኤ የተካሄደባት ኢሊኖይ የጾታ ማንነትን በሰብዓዊ መብት ሕጓ ትጠብቃለች፤ ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ለአንድ ሰው የሚሆን መጸዳጃ ሁሉ ለማንኛውም ጾታ ክፍት እንዲሆን አዛለች። ፍሎሪዳ በ2023፣ ቴክሳስ በ2025 በመንግሥት ሕንፃዎች ተቃራኒውን ደንግገዋል። መንገዳችሁ በእነዚህ ስቴቶች አየር ማረፊያ የሚያልፍ ከሆነ ይህንም አስቡበት።

የጉባኤው ቀን እንዴት ይውላል

ቀኑ በስቴታችሁ የቁርስ ስብሰባ ይጀምራል። የዕለቱ መግቢያ ባጅ የሚታደለው እዚያ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቀን የተለየ ባጅ አለ። ቁርሱን የቀረ ሰው ባጁን ፍለጋ ሲዞር ይውላል። ባጃችሁን ፎቶ አንስታችሁ አትለጥፉ። አትጣሉት፤ ምትክ ማግኘት ከባድ ነው።

ቀን ላይ የየወገኑ ኮከሶች፣ ማለትም የጋራ ጉዳይ ያላቸው ልዑካን ቡድኖች፣ ይሰበሰባሉ። በ2024 ቺካጎ ላይ እነዚህ ስብሰባዎች የነበሩት በማኮርሚክ ፕሌስ ነው፤ የማታው መርሐ ግብር ደግሞ በዩናይትድ ሴንተር። የኤልጂቢቲኪው ኮከስን አትለፉት። አብረዋችሁ የሚሄዱ፣ የሚያስጠጓችሁ ሰዎችን የምታገኙት እዚያ ነው። ነገር ግን በዚያ ብቻ አትወሰኑ። የጥቁሮች ኮከስም የእናንተ ነው፤ ሴት ከሆናችሁ የሴቶቹም። ትራንስጀንደር ልዑክ በጥቁሮቹ ኮከስ ስለ ኢሚግሬሽን ተነስቶ ቢናገር ብዙ ሰው ልብ ይለዋል።

ከሰዓት በኋላ በአውቶብስ ወደ አዳራሹ ትሄዳላችሁ። ዙሪያውን የሚጠብቀው ሲክሬት ሰርቪስ ነው፤ ሰልፉም ይረዝማል። የተከለከሉ ዕቃዎች ዝርዝር አስቀድሞ ስለሚወጣ አንብቡት። ባይንደር የምትለብሱ ይህን ልብ በሉ፦ ከስምንት ሰዓት በላይ ማሰር አይመከርም፤ የጉባኤው ቀን ግን ከዚያ በእጥፍ ይረዝማል። በ2024 የመጀመሪያው ምሽት ፕሬዚዳንት ባይደን መናገር የጀመሩት በቺካጎ ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ለማታው ሰፋ ያለ ሸሚዝና ለስላሳ ልብስ ያዙ፤ ቁርስና ኮከስ ላይ ከለበሳችሁ ማታ አሳርፉት። ጫማችሁም የሚመች ይሁን። ውኃ ጠጡ። መጸዳጃ ቤት እንዳልሄድ ብሎ ሳይጠጡ መዋል በተለይ በትራንስጀንደር ሰዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ በኦገስት ሙቀት ግን ራስን ይጥላል። ገና ስትገቡ ቅርብ ያለውን መጸዳጃ አዩ፤ ቦታችሁን የሚጠብቅላችሁ የቡድናችሁን ሰውም ተዋወቁ። ወለሉ ሲሞላ የእሳት አደጋ ኃላፊዎች በር ሊዘጉ ይችላሉ።

ለእጩው ድምፅ ለመስጠት በየስቴቱ ጥሪ ሲደረግ የስቴታችሁ ድምፅ ውስጥ እናንተም አላችሁ። ሕይወት ሙሉ "አንተ ማነህ? አንቺ ማነሽ?" ሲባል የኖረ ሰው የስቴቱ ስም ሲጠራ ብድግ ሲል ምን እንደሚሰማው መገመት ከባድ አይደለም። በዚያ ሰዓት ስልኩን አስቀምጡት።

ጋዜጠኛ ሲመጣ

ጋዜጠኞች በወለሉ ላይ እየዞሩ ሰው ይፈልጋሉ። "ትራንስ ልዑክ አለ" ከተባለ መምጣታቸው አይቀርም። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅታችሁ ሂዱ። ስለ ሕክምናችሁ፣ ስለ ሰውነታችሁና ስለ ቀድሞ ስማችሁ ለሚመጣ ጥያቄ "ስለዚያ አልናገርም፤ ስለ ስቴቴ ብትጠይቀኝ ግን ደስ ይለኛል" ብላችሁ እለፉ። ማክብራይድ ገና ቃለ መሐላ ሳትፈጽም፣ በኖቬምበር 2024፣ የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ በካፒቶል መጸዳጃ ቤቶች ላይ ክልከላ አወጡ። እሷ የመጣችው ስለ መጸዳጃ ቤት ለመጣላት ሳይሆን ለደላዌር ሰዎች ለመሥራትና የኑሮ ውድነትን ለመቀነስ እንደሆነ ነው የመለሰችው። ከትራንስጀንደር ሰዎች መካከል ይህን መልስ እንደ መሸሽ ያዩባት ነበሩ። እኔ ግን ለልዑክ የሚሆን ትምህርት አይበታለሁ፤ ርዕሱን እሷ መረጠችው።

በስህተት የሚጠሩና ሆን ብለው የሚጠሩ

ከተሳሳተ ሰው ጋር ብዙ አትቆዩ። የአበሻ ሽማግሌ ከስቴታችሁ ቡድን ውስጥ ሊኖር ይችላል። "ጋሼ፣ አንቺ እያሉ ይጥሩኝ፤ ስሜ እንዲህ ነው" ማለት ይበቃል። ብዙዎቹ ያርማሉ፤ በልጅነታቸው ያላዩት ነገር ስለሆነ ጊዜ ስጧቸው።

ሆን ብሎ የሚደጋግም፣ የሚነካ፣ የሚከተል ሰው ግን ሌላ ነው። ወዲያው ለቡድኑ ኃላፊ ንገሩ፤ ሰዓቱንና ቦታውን ስልካችሁ ላይ ጻፉ፤ ያየ ሰው ካለ ስሙን ያዙ። ማታ ከአዳራሹ ስትወጡ ብቻችሁን አትሁኑ። ከአጥሩ ውጭ ተቃዋሚዎች ይኖራሉ፤ መልስ ሳትሰጡ ወደ አውቶብሱ ሂዱ። ሆቴል ስትደርሱም ለአንድ ሰው ጽፋችሁ አሳውቁ።

ከተመለሳችሁ በኋላ

ገንዘብ ላዋጡላችሁ ሰዎች ደውሉ። ለካውንቲው ኮሚቴ አጭር ሪፖርት አቅርቡ፤ በየኮከሱ ምን እንደተባለ፣ ማንን እንዳገኛችሁ ንገሯቸው። የቀድሞ ስማችሁ የወጣበት ዝርዝር ወይም ፎቶ ካያችሁ እንዲታረም ወዲያውኑ ለፓርቲው ቢሮ ጻፉ፤ ሳምንታት ካለፉ ማስነሳቱ ይከብዳል። ያገኛችሁትንም ስልክ ቁጥር አደራጁ። ኮሚቴው የራሱን ኃላፊዎች የሚመርጥበትን ቀን ጠይቃችሁ ለአንድ ቦታ ስማችሁን አስገቡ። የሚቀጥለው ጉባኤ የልዑካን ዕቅድ ሲረቀቅ፣ ፎርሙ ላይ የስሙና የጾታው ጥያቄ እንዴት እንደሚጻፍ አስተያየት የሚሰጡት እነዚህ ሰዎች ናቸው።